ለሐኪሙ ሁለት፣ ለካርድ መስኮቱ ሰባት

ውድ አባዬ፤

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ነው። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው፣ የአንገቴ አጥንት የራጅ ፎቶ የበር ያህል ሆኖ በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲበራ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ከበላዩ የተሰቀለውን ሰዓት ስመለከት ስለነበር ነው። ከፊት ሦስት ረድፍ እንግዶች ተቀምጠዋል። የክፍላችን ኃላፊ በቀጭን ዘንግ አምስተኛውን አጥንቴን እየነካ፣ የዚህች ወጣት ሕመም በሦስት ሳምንት ሕክምና ከሰባት ወደ ሁለት ወርዷል አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ እስቲ ተነሽና አንገትሽን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዙሪላቸው አለኝ። ተነሣሁ። አዞርኩ። ቋ አለ። ድምፁ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ተሰማ። እሱም «ሰማችሁ፣ ሲላቀቅ ነው» አላቸው፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አየህ፣ ሰላምታ እንኳን ሳላስቀድም ዘልዬ ገባሁ። ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ሲጀመር ሰው የሞተ እንደሚመስልህ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ፣ ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት አሁንም ሦስት ጊዜ ነው ወይስ አራት ደርሷል? እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ዝም ይላታል? አክስቴ ሳሏ ለቀቃት? ትንሿ እህቴስ ከሒሳብ ጋር ታርቃለች? ስለ እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህ ደብዳቤ ከዳር እስከ ዳር ስለዚሁ ቃል ስለሆነ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንገቴን ያመኛል፣ ከአለቃዬም ተጣልቻለሁ። ሌላው ደህና ነው።

ምን እንደምሠራ አንድ ጊዜ በደንብ ላስረዳህ። ሰው ሲጠይቅህ «ልጄ የታጠፈ ሰው ትዘረጋለች» እያልክ እንደምታስወራ እማዬ ነግራኛለች። እኔ ሰው አልዘረጋም። የምሠራው አንገታቸውንና ጀርባቸውን ለወራትና ለዓመታት የሚያማቸውን ሰዎች በሚያጠና የምርምር ክፍል ውስጥ ነው። ትናንት ዕቃ አንሥቶ ዛሬ የሚያመውን ሰው ማለቴ አይደለም፤ ከሰው ጋር ኖሮ ኖሮ ቤተሰብ የሆነውን ሕመም ነው የምናጠናው። ጥያቄያችን ሁለት ነው፤ ሕመሙን እንዴት እንለካዋለን፣ ምንስ ያሽለዋል። ፎቶ አንሥቶ ማየት ነው ትል ይሆናል። እሱ ብቻውን አይበቃም አባዬ። ጀርባው በፎቶ ሲታይ የፈረሰ አጥር የሚመስል ሰው ጆንያ ተሸክሞ ሲራመድ አይቻለሁ፤ ፎቶው እንከን የማይወጣለት ደግሞ ካልሲውን ለማጥለቅ ሚስቱን ይጠራል። ስለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው። ዜሮ ምንም የለም፣ አሥር ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው፤ ያንተ ስንት ነው ብለን እንጠይቃለን።

ሰውና ቁጥር ግን በቀላሉ አይግባቡም። አንዱ «ተቀምጬ ነው ወይስ ቆሜ?» ይላል። ሌላው «የኔን ብቻ ነው ወይስ የሚስቴን ጨምሬ?» ይላል። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ መቀመጥ አቅቷቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እየወረደ፣ ስድስት ተኩል አሉኝ። እትዬ፣ እንዲህ እያለቀሱ ስድስት ተኩል ብቻ ብላቸው፣ «ልጄ፣ በሠላሳ አራት ዓመት ማስተማር ለማንም አሥር ሰጥቼ አላውቅም፤ ለወገቤ ብዬ ልማዴን አላበላሽም» አሉኝ። ስድስት ተኩል ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊያችንን ሰው ሁሉ እሱ በሌለበት ጋሽ ቀጥ በል ይለዋል። በኮሪደሩ ሲያልፍ ያገኘውን ሁሉ፣ ጠባቂውንም፣ ፀሐፊዋንም፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን መጥረጊያ ሳይቀር ቀጥ በል ስለሚል ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን አንቱታዬን ከሰኞ ጀምሮ መልሼ ወስጃለሁ። ክፉ ሰው ነው አልልህም። ራሱ የፈጠረው አንድ ወንበር አለው። አገጭህን በቀበቶ ይዞ ራስህን ወደ ላይ፣ ወገብህን ወደ ታች የሚስብ ወንበር ነው፤ እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው መስቀያ ላይ ተሰቅሎ የተረሳ ኮት ይመስላል። ወንበሩን እንደ ልጅ ይወደዋል። በየጠዋቱ ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ይወለውለዋል፣ ቀበቶውንም የሚጎትተው ራሱ ነው። ጎትቶ ጎትቶ ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ «አሁንስ ስንት ሆነ?» ይላል። ሁለት ይሉታል። አንድ ይሉታል። ዜሮ ብላ መርቃው የሄደችም አለች። እሱም በትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፤ የወንበሩ ዝና የሚወራው በዚህ ቁጥር ነው።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ሹፌር ከወንበሩ ወርዶ «ሁለት ነው፣ እጅህ ይባረክ» ብሎ ወጣ። ኮፍያውን ረስቶ ስለነበር ተከተልኩት። ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ደርሶ በሁለት ክንዱ ተደግፎ አገኘሁት። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት፣ ሁላችንም እትዬ ካርድ የምንላት፣ ቀጠሮውን እየጻፈች እንደ ልማዷ «እንዴት ሆንክ?» አለችው። ዘጠኝ ነው አላት። «ምነው፣ አሁን ሁለት ስትል እዚህ ድረስ ሰምቼህ?» አለችው። ሹፌሩ አንገቱ ስለማይዞር ሙሉ ሰውነቱን አዙሮ ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ሰውዬው እኔን ሲጎትት ላቡ ጠብ ጠብ እያለ እንዴት ብዬ ዘጠኝ እለዋለሁ? ሰው አይደለሁም እንዴ?» አላት። እትዬ ካርድ አልገረማትም። በኋላ ስጠይቃት «ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ የሱ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። እኔ ምን አድርጌላቸው ይይዛቸዋል? ለኔ እውነቱን ይነግሩኛል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ያንተ ሱቅ ትዝ አለኝ። ደንበኛ ገብቶ ወገቤ ሠላሳ ሁለት ነው ሲልህ አንተ እሺ ትለዋለህ፤ አንድም ቀን አሳፍረኸው አታውቅም። ግን ሜትርህን ከአንገትህ አውርደህ ትለካዋለህ። ሠላሳ ስምንት ይሆናል። ሱሪውንም ዝም ብለህ በሠላሳ ስምንት ትሰፋለታለህ፤ እሱም ልክክ ሲልለት «አላልኩህም፣ ሠላሳ ሁለት ነኝ» እያለ ይሄዳል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አምስት ዓመት የተማርኩትን አንተ ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ስትሠራው ኖረሃል።

ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። በመጀመሪያው ዓምድ ሰዎቹ ለጋሽ ቀጥ በል የሚሉትን ቁጥር፣ በሁለተኛው በዚያው ሰዓት ለመስኮቱ የሚሉትን ጻፍኩ። እትዬ ካርድ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር በቀጠሮ መዝገቧ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ታሰፍርልኛለች፤ ሰዎቹም ለጥናት እንደሚውል ተነግሯቸው ፈቅደዋል። ከዚያ ሜትር የሚሆነኝ ነገር ፈለግሁ። የጫማ ማሰሪያ ማሰር፣ በውሃ የተሞላ ጠርሙስ ከወለል አንሥቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ከኋላ ሲጠሩት ዞሮ ማየት፤ እነዚህን ሦስቱን በሰዓት እለካለሁ። አራት ወር ለካሁ። አርባ ስድስት ሰዎች ናቸው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ለሐኪሙ በአማካይ ሁለት ሲሉ ለመስኮቱ ስድስት ተኩል ይላሉ፤ የጫማ ማሰሪያውም ከመስኮቱ ጋር ይስማማል። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ከኔ ጋር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመድ፣ ማጎንበስና ማንሣት የተለማመዱት አሥራ ሁለት ሰዎች ግን ጫማቸውን ከበፊቱ ቶሎ ማሰር ጀምረዋል። አልዳኑም፤ ግን ሕመሙን መፍራት ቀንሰዋል። ስንት እንደሆነ እኔ ራሴ አልጠየቅኋቸውም። እኔም ላቤ ጠብ ሲል አይተዋላ።

አሁን የምጽፈውን ለእማዬ ስታነብላት ዝለለው። አራት ወር ወረቀት ላይ ተደፍቼ የሰውን አንገት ስለካ የራሴ አንገት ያዘኝ። ጋሽ ቀጥ በል ሳሸው አየኝና ነይ ተቀመጪ አለኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ተሰቀልኩ። በመጨረሻው ቀን ከወንበሩ አውርዶኝ፣ የሳለውን ሥዕል ለእናቱ እንደሚያሳይ ሕፃን ዓይን ዓይኔን እያየ «አሁንስ?» አለኝ። ሰባት ነበር አባዬ። ከበፊቱ አንዲት ነጥብ አልወረደም። ሠንጠረዡ ደግሞ በእጄ ነው፣ ሰው ለምን እንደሚዋሽ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም። ሁለት አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄጄ ለእትዬ ካርድ ብናዘዝላት፣ እየሳቀች ሰባት ብላ በቀይ ጻፈችና፣ «አንቺም ከሰው ተቆጠርሽ» አለችኝ።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ግድግዳው ላይ የበራው ያ ሁለት ነው። ሠንጠረዤ ቀረበ፤ ሁለተኛው ዓምድ ግን የለም፣ የጫማ ማሰሪያውም የለም። የመጀመሪያው ዓምድ ብቻውን ወጥቶ በትልቁ ተጽፏል፣ ከሥሩ የጋሽ ቀጥ በል ስም ብቻ አለ። እኔ የተጠቀስኩት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የተሻላት ታካሚ ሆኜ ነው። ሁለተኛው በመጨረሻው ገጽ፣ ምስጋና ከሚለው ሥር፣ «በሻይና በወንበር ዝግጅት ለተባበረችን» ይላል። ሻዩን እንኳን ያፈላሁት እኔ አይደለሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠራኝ። የመጨረሻው ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መረጃውን የሰበሰበው ሰው «የተሰበሰበው ሁሉ ሳይጎድል ተካቷል» ብሎ የሚፈርምበት አንድ ገጽ አለው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ከፈረምኩ ወንበሩ ለሌሎች ስምንት ክሊኒኮች ይሠራል፣ ካልፈረምኩ ሪፖርቱ አይወጣም። የኔ የሙከራ ቅጥር ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ቋሚ ልሁን አልሁን የሚወስነው እሱ ነው። ካልፈረምሽ አባርርሻለሁ አላለኝም። «የሙከራ ጊዜሽ የሚያልቀው መቼ ነበር? ረሳሁት እኮ» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ሁለተኛው ዓምድ የት ሄደ አልኩት። የመስኮት ወሬ መረጃ አይደለም አለኝ። «በሽተኛው ራሱ ተሻለኝ ካለ ተሽሎታል፤ አንቺ ከባለቤቱ በላይ ልታመሚለት ነው?» አለኝ። የኔስ አንገት ባለቤት እኔ ነኝ፣ የኔ ሰባት ነው አልኩት። ሁለት ብለሽኛል አለኝ። ብያለሁ፣ ያልኩትም ደስ እንዲልዎት ነው አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለአፍታ አሳዘነኝ፣ ሦስት ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ፈርሚና ጨርሺ ብሎ ወደ እኔ ገፋው፤ ወረቀቱም ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

እስቲ አስበው አባዬ። በአንገትና በጀርባ ሕመም ላይ የሚመራመሩ ሁለት ሰዎች ወለል ላይ የወደቀ አንድ ወረቀት እያዩ ቆሙ። እኔ ባጎነብስ አንገቴ እዚያው እንደሚቀር አውቃለሁ። አንሺው አለኝ። የጣሉት እርስዎ ነዎት አልኩት። ክብሩን ሊያስደፍር አልፈለገም፤ ማጎንበስ ጀመረ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘና እዚያው ቀረ። ወደ ታችም ወደ ላይም የለም። ስንት ነው አልኩት። ምኑ አለኝ። ወገብዎ አልኩት። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ «ምንም አይደል፣ አንድ ቢሆን ነው» አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ ብዬ ስጠይቀው ወለሉን እያየ «እሱ ለታካሚ ነው» አለኝ።

በዚህ መሃል እትዬ ካርድ የተራ ዝርዝር ይዛ ገባች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ምንም ሳትጠይቅ በአንድ እጇ ጉልበቷን ይዛ እህህ ብላ አነሣችው፤ ካነሣችው አይቀር አነበበችው። «የኔ መስኮትስ?» አለች። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየች። «አራት ወር ሙሉ በቀይ ስጽፍ የከረምኩት ለግድግዳ ነው?» አለች። ወረቀቱን ለሱም ለኔም ሳትሰጥ ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀምጣ፣ እሱን በብብቱ ደግፋ ቀና አድርጋ የቢሮ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። እኔም እስክሪብቶ አነሣሁ። ከአርባ ስድስቱ ቀጥሎ የተመዘገብኩት እኔ ነኝና፣ ፊርማው በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ የታካሚ ቁጥር አርባ ሰባት ትክክለኛ መልስ ሰባት ነው፣ ሁለት ያለችው አፍራ ነው ብዬ ጽፌ ተከትያት ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ለምርምር ቁጥጥር ኮሚቴው አመለከትኩ። ሐሙስ ጠሩን። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በላዩ የምታይ ሴት ናት። እትዬ ካርድ የቀጠሮ መዝገቧን አቅፋ መጣች። ሹፌሩንም ለምስክርነት ጠርቼው ነበር፤ በስልክ «እህቴ፣ ዘጠኝ ነው፤ ማንም ይጠይቀኝ ዘጠኝ ነው» ብሎ ምሎልኛል። ስሕተቴ ጋሽ ቀጥ በል እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ አለማሰቤ ነው። ሹፌሩ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ከሱ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ሰብሳቢዋ ሕመምዎ ስንት ነው አለችው። ሁለት አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ የኔም ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ፣ «ሦስትም ሊሆን ይችላል» አለ።

ሰብሳቢዋ አመስግና መሄድ ይችላሉ አለችው። አልሄደም። ሊነሣ ሞከረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና ሞከረ፤ አሁን ወንበሩም አብሮት ተነሣ። «ካልቸኮላችሁ ትንሽ ልረፍ» አለ። በመጨረሻ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት በግራና በቀኝ ብብቱን ይዘው አቆሙት፤ እሱ ግን መሃላቸው ላይ ተንጠልጥሎ «ኧረ አትቸገሩ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላቸዋል። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ ሁለት ከሆነ ዘጠኙን ማየት አልፈልግም» አለች። ሪፖርቱ እንዲቆይ፣ አርባ ስድስቱም ሰዎች በማያውቁት ሰው እንደገና እንዲጠየቁ፣ ጫማቸውንም እንዲያስሩ ተወሰነ። ሹፌሩ ደጅ ላይ ጠብቆኝ፣ «እህቴ፣ አዋረድኩሽ አይደል?» አለኝ። የሱን ያህል የመሰከረልኝ እንደሌለ ብነግረው አላመነኝም።

ደስታዬን ሳልጨርስ ሰብሳቢዋ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ገና ልጅ ነሽ» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቂው፤ እሱ ስምሽን ከሱ ቀጥሎ ያስገባል፤ አንገትሽ ከሥዕሉ ይወጣል፤ ዓምድሽ ደግሞ ሰዎቹ እንደገና ሲጠየቁ የሚሉት ምንም ይሁን ምን በግርጌ ማስታወሻ በአጭሩ ይጠቀሳል፤ አንቺም ፈርመሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ በሰላም ይለቅ አለችኝ። አላሰብኩበትም ብዬ አልዋሽህም። ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ ድረስ አሰብኩበት። ወጥቼ መንገዱን ስሻገር ነው ምን እንደተባልኩ በደንብ የገባኝ፤ ሕመሜን ያሳነሰው ሰው ይቅርታ ሊጠየቅ፣ የታመምኩት እኔ ላጎነብስ።

አርብ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ባዶ ነበር። ለጊዜው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረሻል፣ የአንገት ትራሶቹን ቁጠሪ ተባልኩ። ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው፤ ዘጠኙን አይጥ በልቷቸዋል። ይህንንም ሳላጎድል ሳላሳንስ ጽፌ አስረከብኩ። እትዬ ካርድ በምሳ ሰዓት ትራስ ላይ ልትቀመጥ መጣች፤ በሷ መስኮት በኩል አሁን ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ቁጥሩን እየጮኸ እንደሚያልፍ ነገረችኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ ከዚህ ወዲያ በይሉኝታ እንዳታመልጠኝ። እማዬ ትንሿን አስጽፋ በላከችልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ሰው ሲጠራህ አንገትህን ሳይሆን መላ አካልህን እንደ በር እንደምታዞር ነግራኛለች። አንተ በላክህልኝ ደብዳቤ ሁሉ ግን ደህና ነኝ ትላለህ። ቁጥሩን ለኔ አትንገረኝ፤ እንዳልጨነቅ ብለህ ሁለት ትለኛለህ። ለእማዬም አትንገራት፣ ለሷ አንድ ነው የምትላት። ለአክስቴ ንገራት፤ የሷ ይሉኝታ አንድም ቀን ይዞህ አያውቅም። ትንሿ ደግሞ ሰዓት ትያዝና ጫማህን ስታስር ትለካህ፤ ሁለቱንም ቁጥር እሷ ትጻፍልኝ። እስከዚያው አንድ ነገር እሺ በለኝ። አንድ እጅጌ ሰፍተህ በጨረስክ ቁጥር ከመኪናው ተነሥተህ እስከ ሱቁ በር ሂድና ተመለስ፤ ትከሻህን አዙር፣ አላፊ አግዳሚውን በግራም በቀኝም እይ። ሲያምህ ተኝተህ አትዋል፣ አንገትህም ይሰበራል ብለህ አትፍራ፤ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሰው። እጅህ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ለሐኪሙም እውነቱን ንገረው፣ ላቡን አትይ።

እማዬን ጉልበትሽን እስማለሁ ብላለች በላት፤ አልቅሳ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ስለ ትራስ ነው በላት። አክስቴን ሳሏን ንቃ መድኃኒቱን እንዳትተው ንገራት፤ አሁን የቤቱ መስኮት እሷ ናት። ለትንሿ፣ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ላለችው መልሱ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንዳለ ንገራት፤ ፈልጋ ታግኘው። ከሱቅህ በረንዳ ላይ ለሚቀመጡት ጫማ ሰፊም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ተቀምጠው የሚያቆዩህ እሳቸው ናቸውና ከመቀመጫህ እንዲያስነሡህም አደራ በላቸው።

ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ። መልሱን ለኮሚቴው ከመናገሬ በፊት ለአንተ እጽፈዋለሁ። ቋሚ ላያደርጉኝ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሻንጣዬን ይዤ መጥቼ ካንተ አጠገብ ቁልፍ እተክላለሁ፣ በዚያም አላፍርም። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። አርባ ስድስት ሰዎች አምነው የነገሩኝን በግርጌ ማስታወሻ ለመቅበር አልፈርምም። ሰው እንዳይከፋው ብዬ የሚያመኝን አላሳንስም። የሠራሁትን ሥራ ሌላ ሰው በስሙ ሲያቀርበው ቁጭ ብዬ አላይም፤ በገዛ አንገቴ ላይ ማንም ቁጥር እንዲጽፍብኝ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅህ

ከተከራየሁት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው